ሻሽ ያሰረችው በቆሎ

ንፋስ እጅ አለው እንዴ?

ይህን የጠየቀችው ጥሩዬ ናት። እናቷ ውዴ ግን እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘችም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በጓሯቸው፣ ከብዙ በቆሎዎች መሀል፣ አንዷ የጥሩዬ ነበረች። በጣቷ አፈሩን በስታ የዘራቻት፣ የራሷ በቆሎ።

የጥሩዬ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል። «እኔም ጥርስ አበቅላለሁ፣ በቆሎዬም ጥርስ ታበቅላለች!» ትላለች።

ውዴ ደግሞ ንፋስ ትፈራለች።

በር ሲከፈት፣ «ንፋስ እንዳይመታሽ!»

ጥሩዬ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ «ንፋስ እንዳይመታሽ!» ትልና የልጇን ሻሽ ጥብቅ፣ ጥብቅ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጧት፣ የጥሩዬ በቆሎ ፀጉር አወጣች። ለስላሳ፣ ሐር የመሰለ ፀጉር።

ሽውውው! አለ ንፋሱ። ፀጉሩ ተንቀጠቀጠ።

«ውይ የኔ እናት! ንፋስ እንዳይመታሽ!» አለች ጥሩዬ።

ሮጠች። የእናቷን አሮጌ ሻሽ አመጣች። የበቆሎዋን ፀጉር ሸፈነችና ጥብቅ፣ ጥብቅ!

ሌሎቹ በቆሎዎች ራሳቸውን አልሸፈኑም። ሽውውው ሲል ወዲህ ዘንበል፣ ሽውውው ሲል ወዲያ ዘንበል። ከአናታቸው ቢጫ ዱቄት ብን፣ ብን ይላል።

ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። የሌሎቹ እሸት ወፈረ። የጥሩዬ ግን ቀጭን ናት።

ጥሩዬ ሻሹን ፈታች። ቅጠሉን ገለጥ፣ ገለጥ አደረገች።

«እማዬ! ጥርስ የላትም! አንድም የላትም!» እንባዋ ዱብ፣ ዱብ።

ውዴ ደነገጠች። «አያ ይስማው! ድረስልኝማ፣ የልጄ በቆሎ ታመመች!»

አያ ይስማው ከአጥሩ ማዶ የሚያርስ ጎረቤታቸው ነው። መጣ። ሻሹን አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይቺ በቆሎ አራስ ናት እንዴ፣ እንዲህ የተሸፋፈነችው?»

«ንፋስ እንዳይመታት ብዬ ነዋ!» አለች ጥሩዬ።

«ይምታት እንጂ! ያ ከላይ ያለው ዱቄት ፀጉሯ ላይ ካላረፈ ጥርስ ከየት ታመጣለች? የሚያደርስላት ንፋስ ነው።»

«ንብ አታደርስላትም?»

«ንብማ ለዱባ ናት። ዝዝዝ ብላ ከዱባ አበባ ወደ ዱባ አበባ ትሄዳለች። የበቆሎ መልእክተኛ ንፋስ ነው።»

ጥሩዬ አሰበች፣ አሰበች። «ንፋስ እጅ አለው እንዴ?»

አያ ይስማው ውዴን አየ። ውዴ ሰማዩን አየች።

«እሱን እናትሽን ጠይቂ» አለና ከዚያችው በቆሎ አገዳ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቅጠል ገለጠ። «ይልቅ እይማ! ሁለተኛዋ፣ ትንሿ እሸት ፀጉር ማውጣቷ ገና አሁን ነው። የናንተው ዱቄት ቢያልቅም፣ የኔ ማሳ ዘግይቶ ስለተዘራ አሁን ነው የሚያብበው።»

ሽውውው! ንፋሱ ከአያ ይስማው ማሳ ተነሣ። ቢጫውን ዱቄት ይዞ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕልም መጣ።

ጥቂቱ በትንሿ ፀጉር ላይ አረፈ። ጥቂቱ በጥሩዬ ሽፋሽፍት ላይ።

«ንፋስ እንዳይ...» አለች ውዴ።

ከዚያ እጇን ሰደደችና የጥሩዬን ሻሽ ላላ አደረገችው። ትንሽ ብቻ። ኋላ ደግሞ ፈታችው።

ሽውውው! አለ የጥሩዬ ፀጉር።

ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። ትንሿ እሸት ደረሰች። ገለጥ፣ ገለጥ...

እዚህ ጥርስ አለ። እዚያ የለም። እዚህ አለ፣ እዚያ የለም።

«እንደኔ ወላቃ ናት!» ጥሩዬ ሳቀች፤ ወላቃ ጥርሷ ታየ።

ሲመሽ በፍም ጠበሷት። ቷ! ቷ! አለች። እናትና ልጅ ለሁለት ተካፈሏት።

ጥሩዬ ከእናቷ ጎን ተኛች። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ሽውው... ይላል ከውጭ።

«እማዬ፣ እጅ ከሌለው፣ ዱቄቱን በምን ይዞ አመጣላት?» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ውዴ አሁንም እያሰበች ነው። እናንተ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ እንዲህ ብትጠይቃችሁ ምን ትሏታላችሁ? እባካችሁ ውዴን ምከሯት። ጧት ጥሩዬ ደግማ መጠየቋ አይቀርም።