የጆቬን አንዲት ሰዓት

ሊዝል ወደዚያ ቤት የምትመጣው የጆቬንን ሽማግሌ አባት የደነዘዘ ግማሽ ጎን በሕክምና ለመቀስቀስ ነበር። ጆቬን ደግሞ እሷ በመጣች ቁጥር ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እንዲህ ሆነው ከረሙ።

ጆቬን ሰው ጠልቶ አልነበረም። ያቺ ሰዓት በቀኑ ውስጥ የራሱ የሚላት ብቸኛ ሰዓት ስለነበረች ነው። ጎህ ሳይቀድ የአባቱን ጂፕኒ አስነስቶ ከሃሮ ሰፈር እስከ ኢሎይሎ ከተማ ገበያ ተሳፋሪ ያመላልሳል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እናቱ ናናይ ፐርላ ዓሣዋን ልትሸጥ ትሄድና እሱ ይተካታል፤ አባቱን ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል። ሲመሽ እናቱ ትመለሳለች፣ እሱም ለማታው ተሳፋሪ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሀል፣ ክሊኒኩ የላካት ልጅ አባቱን በምታንቀሳቅስበት ጊዜ ብቻ እጁ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ማኒላ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ፖከር በሚባል የካርታ ጨዋታ ነው፤ በኮምፒውተር፣ ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር። ሰፈሩ ቁማርተኛ ይለዋል እንጂ እሱስ ራሱን እንደ ገበሬ ነበር የሚቆጥረው። የመጫወቻው ገንዘብ ዘር ነው፤ ዘሩን ያልበላ ገበሬ ለከርሞም ያርሳል። አባቱን ታታይ ሩፊኖን መሪ እንደያዘ በሽታ ግማሽ ጎኑን ሲመታው ግን ጆቬን ዘሩን አወጣና ለሆስፒታል ከፈለ። አልቆጨውም፤ አባት ነው። ወደ ኢሎይሎ ሲመለስ የቀረው ኮምፒውተሩና የዛለ ጀርባው ነበር።

ስለዚህ ከታች ጀመረ። ድሮ ዘወር ብሎ የማያያቸው፣ ሳንቲም የሚለቀምባቸው የኮምፒውተር ጠረጴዛዎች ላይ ተቀመጠ። ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ ካለው ላይ ከቁራሽ በላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ አያወርድም። ሁለተኛው፣ ደክሞት ከሆነ አይጫወትም። ሁለተኛውን በደንብ ቢጠብቅ ኖሮ ጭራሽ ባልተጫወተ።

ሊዝል መጀመሪያ የመጣች ቀን መደገፊያ የሌለው ወንበር እንዲያመጣላት ጠየቀችው። አመጣላት። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ እሱ ሰዓቱን አየ። ኋላ እንደነገረችው ከሆነ ያን ቀን «ይሄ ሰው አባቱ ከብዶታል» ብላ ነበር የሄደችው።

ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። «ታታይ፣ ይቺን ጣትዎን ካነሱልኝ የባትቾይ ሾርባ አበላዎታለሁ» ትላለች። ሽማግሌው ያቃስታል። «ከነጉበቱ ነው የምልዎት» ትላለች። ከዚያ ትስቃለች፤ ጮክ የማይል፣ ቶሎ የማያልቅ ሳቅ ነው። ጆቬን አንድ ቀን ደህና ካርታ ይዞ ያንን ሳቅ ሲያዳምጥ ተራው አለፈ፤ ካርታውን ኮምፒውተሩ ራሱ ጣለለት። በዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

በዝናቡ ወር አንድ ማታ ጂፕኒውን ሲነዳ ሊዝልን ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ጥላዋ ተገልብጦባት አገኛት። ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ጂፕኒው ከኋላ በእርጥብ ሰውና በእርጥብ ዘንቢል ተሞልቷል፤ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ፊት ይመጣል፣ እሷም እየተቀበለች ታቀብለዋለች።

«ማኖንግ ጆቬን» አለችው እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ «እንደዚያ በር ዘግተህ ምንድነው የምትሠራው?»

«ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«ከፈረንጆች ጋር?»

«ፈረንጆችም አሉበት።»

ጥሩ ነው አለችው፤ ከቤት ሳይወጡ መሥራት መታደል ነው፣ አባትህም ታደለ። ጆቬን የመኪናውን መስታወት በጨርቅ ጠረገ። አልዋሸም። እውነቱንም አልተናገረም። ሂሳቧን አልቀበልም ሲላት ሳንቲሙን መሪው አጠገብ አስቀምጣ ወረደች። ከዚያን ቀን በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ራሱንም ሳይጠይቅ፣ ጂፕኒውን በዚያ መታጠፊያ በኩል ማሳለፍ ጀመረ። እሷም ሌላ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ ቢያልፍ ዝም ትለዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሊዝል ታታይ ሩፊኖን ቃል ታስለምደው ነበር። የሚስቱን ስም ሞከረ፤ መጀመሪያው ላይ ቀረ። ውሃ፣ ሩዝ፣ መኪና አስባለችው፤ ሁሉም አፉ ውስጥ ቀለጠ። ላብ ሲያጠምቀው አይታ ልታሳርፈው ብላ በቀልድ «እሺ ታታይ፣ ልጅዎ በሩን ዘግቶ ምንድነው የሚሠራው?» አለችው።

ሽማግሌው አፉን አጣመመ፣ ምላሱን ሰበሰበ፣ ከታመመ ወዲህ ያልወጣውን ጥርት ያለ ቃል አወጣ።

«ቁማር።»

ጆቬን ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሰማው። አባቱ በመናገሩ ሊያለቅስም፣ በተናገረው ሊስቅም ቃጣው። ሲወጣ ታታይ ሩፊኖ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ሊዝል የመለጠጫ ጎማዎቿን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር።

ሊያስረዳት ሞከረ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ደንቦቹ፣ ይሄ እንደሌላው ቁማር ዕድል ብቻ እንዳልሆነ፣ ከቁማር ቤቱ ጋር ሳይሆን ሰው ከሰው ጋር እንደሚጫወተው ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቦርሳዋን ዘጋች።

«የወንድሜም ማብራሪያ እንዲህ የተስተካከለ ነበር» አለች። «እሱ በስልኩ በአውራ ዶሮ ጠብ ነበር የሚያሲዘው። እናቴ የሩዝ ማሳዋን ስትሸጥ እኔን ልታስተምርበት መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ወንድምሽን አይደለሁም።»

«አይደለህም። እሱ በር አይዘጋም ነበር።»

ከዚያ በኋላም መምጣቷን አልተወችም፤ ሥራዋ ነው። ግን ሰላምታዋ በር ላይ ያልቃል፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድም ዝናብ ቢሆን ሌላ ጂፕኒ ትይዛለች። ጆቬን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ጠረጴዛዎቹ ደህና ይዘውት ነበር፤ የመጫወቻው ገንዘብ በጉንዳን እርምጃም ቢሆን እያደገ ነው። ድሮ ቢሆን ይሄ ብቻውን ሌሊቱን ደስ ብሎት ያሳድረዋል። አሁን ግን የጀርባው ሕመም ላይ ሌላ ሕመም የተጨመረበት መሰለው።

ወራት ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን ታታይ ሩፊኖ ገና ሳይጀምሩ እንቅልፍ ወሰደው። ሊዝል እስኪነቃ ልትጠብቅ ተቀመጠች። ጆቬን በሩን ይዞ ቆመ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጠሽ እይው» አላት። «ከዚያ ያሰብሽውን አስቢ።»

ወንበሯን ጎትታ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠች፤ በሩ እንዳይዘጋ፣ ጎረቤትም ያለፈ እንደሆነ እንዲያያት።

ጆቬን ካርታ ተሰጠው፤ ጣለ። ተሰጠው፤ ጣለ። ጣለ፤ ጣለ። እሷ አንዴ የሱን ፊት፣ አንዴ መስኮቱን ታያለች። ውጪ የጎረቤት ዶሮ መሬት ይጭራል። አንድ ጊዜ ተጫወተ፤ ገንዘቡን መሀል ካስገባ በኋላ ሌላኛው ሰው ሲጨምርበት ትንሽ አሰበና ያንንም ለቀቀ።

«ይሄ ነው?» አለችው።

«ይሄ ነው።»

«ሰው በዚህ እንቅልፍ አይወስደውም?»

«ይወስደዋል። ያኔ ነው የሚከስረው።»

ታታይ ሩፊኖ ሲያስል ጆቬን ከስሮ ነበር፤ ብዙ ባይሆንም። ኮምፒውተሩን ከደነውና ለአባቱ ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። ሊዝል የተከደነውን ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ተሸንፈህ ተነሳህ» አለች ቀስ ብላ።

«ሰዓቱ አለቀ።»

«ወንድሜ ሲሸነፍ ተነስቶ አያውቅም።»

ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አጠገብ መለሰች። ያን ቀን ማታ ግን በመታጠፊያው ላይ ቆማ ሁለት ጂፕኒ አሳለፈችና የሱ ላይ ወጣች። «ጆቬን» አለችው፣ ማኖንግ የሚለውን ትታ። እሱም ስሟን ሳይሆን «ኢንዳይ» አላት፤ እዚያ አገር ይሄ የቁልምጫ ቃል ለጎረቤት ልጅም ይባላል፣ ግን ሁሉም አባባል አንድ አይደለም።

በሩ ከዚያ ወዲህ ክፍት ሆኖ ቀረ። እሱ ይጫወታል፣ እሷ ሽማግሌውን ታስነሳለች፣ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ሥራቸውን ያበላሻሉ። ሊዝልም ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላ ስትዞር የምትውል ናት፤ አንዳንዴ የሚያወሩት ጠፍቷቸው ሳይሆን አቅም አጥተው ዝም ይላሉ።

ክፉው ነገር ደግሞ ታታይ ሩፊኖ መዳኑ ነው። እግሩ ጸና፤ በምርኩዝ እስከ ደጅ ይደርሳል፣ ጂፕኒውን ይዳብሳል፣ አዲሱን ጭረት አይቶ ይሳደባል፤ ስድቡ ከጸሎቱ ቀድሞ ነበር የተስተካከለለት። ክሊኒኩም ከእንግዲህ ሰው መላክ አያስፈልግም አለ። በዚያው ሰሞን ሊዝል ከባሕሩ ማዶ፣ ባኮሎድ ያለ ሆስፒታል ቋሚ ሥራ እንደሰጣት ነገረችው። ስትነግረው ዓይኑን ትጠብቅ ነበር። ጆቬን «ጥሩ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ጂፕኒው መሀል መንገድ ቆሞበት ፀሐይ ሲገርፈው በዋለ ማግስት ኮምፒውተሩን ከፈተና ትናንሾቹን ጠረጴዛዎች አልፎ ወደ ትልልቆቹ ወጣ። ገንዘቡ ቶሎ ቢሞላ፣ ጂፕኒውን ለሹፌር ሰጥቶ ቤት ቢከራይ፣ አትሂጂ ለማለት አፍ ቢኖረው። ዓይኖቹ ይጨፈኑ ነበር። አንዱን ደንብ ጣሰ፤ ሌላውንም ጣሰ። ሰዓቱ ሲያልቅ አልተነሳም። ሲነሳ ከዘሩ ግማሽ የማይሞላ ቀርቷል።

ሊዝል ለመጨረሻ ጉብኝቷ መጥታ አጠገቡ ሳሎን ውስጥ ነበረች፤ አላየችም። ሊደብቃት ይችል ነበር። ምርኩዙን ለአባቱ አቀበለና ወደ ደጅ ሸኝቷት ሲወጣ ነገራት፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ።

ሊዝል የአጥሩን እንጨት ይዛ ቆመች።

«ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ» አለች። «ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው ግን አትንገረኝ። ወንድሜም ሁሉንም ያደረገው ለእኛ ብሎ ነበር።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«አትሂጂ ማለት ፈልገህ ከሆነ እሱን ማለት ነበረብህ። በነፃ ነበር።»

ጆቬን አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ እንኳ ቢላት ምናልባት ትቀር ነበር። ግን የደከመ ሰው አፉ ከልቡ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ እሱ ቃሉን ሲያገኝ እሷ መታጠፊያውን አልፋለች። በሳምንቱ ባሕሩን ተሻገረች።

ጆቬን እንደገና ከታች ጀመረ፤ ከመጀመሪያውም በታች። ይሄኛው ጊዜ ግን አልቸኮለም። በደከመው ቀን ኮምፒውተሩን አይነካውም፤ ባልደከመው ጥቂት ቀን ይጫወታል፣ ይጥላል፣ ይነሳል። በስልክ ለሊዝል መልእክት ይልካል። መጀመሪያ መልስ አልነበረም። ከዚያ ስለ ታታይ ሩፊኖ እግር ብቻ ትጠይቃለች። ከዚያ አንድ ቀን ማታ «ዛሬ ደከመኝ» ብላ ጻፈችለት፤ እሱም «እኔም» አላት። ቀስ በቀስ የሁለቱም ደብዳቤ ይሄ ሆነ። ማነው መጀመሪያ የሚደክመው እየተባባሉ ይቀልዱ ጀመር።

ያሸነፈ ቀን ይነግራታል። የተሸነፈ ቀን ቀድሞ ይነግራታል።

ፖከር ለሚጫወት ሰው እሁድ ገበያው የሚሞላበት ቀን ነው። ዓለም ሁሉ ያርፍና ሥራው ያልሆነ ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ጆቬን ያለው በሳምንት የለቀመውን ያህል በዚያች ቀን ሊለቅም ይችላል። ታታይ ሩፊኖ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ብቻውን መዋል ችሏል፤ ስለዚህ እሁድ ሙሉ ቀኑ የጆቬን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ካገኘ ስንት ጊዜው።

የመጀመሪያዋን ሙሉ እሁዱን ይዞ ጀልባ ተሳፈረ።

ሊዝል ባኮሎድ ወደብ ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጠበቀችው፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ቤቷ እንኳ አልደረሰችም። ከስታለች። እሱም ከስቷል። ተያዩና ሁለቱም በሌላው ፊት ላይ የራሳቸውን ድካም አገኙት።

«ዛሬ እሁድ አይደል እንዴ?» አለችው። «ጠረጴዛው አይሞላም?»

«ይሞላል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ጆቬን ጀልባው ላይ ሲለማመደው የመጣ ብዙ ንግግር ነበረው። አንዱም አልመጣለትም።

«አግቢኝ» አላት። «ገንዘቤ ገና ድሮ ከነበረው ሩብም አይሆንም። ጀርባዬ ያመኛል። መጫወቴንም አልተውም። ግን ሰዓቱ ሲያልቅ እነሳለሁ፤ ስሸነፍ ካንቺ ቀድሞ የሚሰማ የለም።»

ሊዝል ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ እየሳቀች ነበር፣ ያው ጮክ የማይል፣ ቶሎ የማያልቅ ሳቅ።

«መጀመሪያ እንብላ» አለች። «በባዶ ሆዴ ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አልሰጥም።»

የተጠበሰ ዶሮ በሩዝ በሉ፤ በእጃቸው፣ ሳይነጋገሩ፣ ርቧቸው። ከዚያ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ናናይ ፐርላ መጥታ እኔን ከእናቴ ትጠይቅ» አለችው፤ ጥሎሽ እንደሚቆርጥ ሽማግሌ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ሌላም ነገር ትናገር ነበር፤ ስለ ቤት፣ ስለ ዝውውር፣ የኢሎይሎ ሆስፒታሎችም ሰው ይፈልጋሉ ስለሚባለው። ዘወር ስትል ጆቬን ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

ከዚያ የሆነውን እሱ አያውቅም፤ የሰማው ከእሷ ነው። ሲመሽ የመመለሻው ጀልባ ሰው መጫን ጀመረ። አንድ ተሸካሚ መጥቶ «እሜቴ፣ ሰውዬሽ አይሄድም? ይህ እኮ የዛሬው መጨረሻ ነው» አላት።

ሊዝል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንዲል አስጠነቀቀችው። ጀልባው ሲሄድ ትከሻዋ ደንዝዞ ነበር፤ እንዲህ የደነዘዘ አካል እንዴት እንደሚቀሰቀስ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ትከሻዋን አልነቀነቀችውም።