ተመልሰው ይምጡ

ወንጌላዊትና ሚክያስ የተዋወቁት በጩኸት ነው።

ዕለቱ የካቲት መባቻ፣ ረቡዕ ነበር። ሚክያስ ሳን ሆዜ የጃፓኖች ሰፈር ባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ አዳራሽ በበጎ ፈቃድ ወንበር ሲደረድር ውሎ ረኃብ አዙሮታል። ጠረጴዛው ላይ በአበባ የተከበበ ነጭ ቶፉ፣ ያን አይብ የመሰለ የአኩሪ አተር ምግብ፣ አየ። ቶፉ ደግሞ የጾም ነው። ግራ ቀኙን ቃኝቶ በሹካ ሊቆርስ ሲል፦

«ተው! መርፌ አለው!»

ሹካው አየር ላይ ቀረ። ሰማያዊ ጨርቅ የያዘች ልጅ አፍጥጣበታለች።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«በፊትህ። ይኸ ምግብ አይደለም። ጃፓኖች በዓመት አንድ ቀን የተሰበረ መርፌያቸውን አመስግነው ለስላሳ ነገር ውስጥ ያሳርፉታል። ዕድሜ ልኩን ጠንካራ ጨርቅ ሲወጋ ኖሯላ!»

«ኦሳካ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር።»

«ኦሳካ አድገህ?»

«መርፌ ይዤ አላውቅማ።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስትስቅ እያያት ነበር።

ወንጌላዊት አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ናት። ዳውንታውን ኦክላንድ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች፤ ኤል ሴሪቶ ከእናቷ ከወይዘሮ ካሳነሽ ጋር ትኖራለች። ዮጋ ጀምራ ትታለች፤ ጊታር ጀምራ ትታለች። «መርፌ ያረጋጋሻል» ያለቻት የሥራ ጓደኛዋ ናት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ቤተ መቅደሱ ድረስ እየነዳች ሳሺኮ የሚባለውን ከጃፓናዊቷ ወይዘሮ ሚቺኮ ትማራለች፤ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የሚሰፋ የጃፓን ጥልፍ ነው። መርፌውም አላረጋጋት። ስፌቷ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ሚቺኮም በየሳምንቱ ያስፈቷታል።

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ግን መፍታቱ አላስከፋትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሚክያስ ወንበር የሚደረድርበት ምክንያት አያጣም። ስታጎነብስ ያያታል፤ ቀና ስትል ወንበሩን ያያል። ሚቺኮ ሁለቱንም እያዩ ክራቸውን ያጠነጥናሉ።

ግንቦት ላይ፣ ቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነገራት።

«ጃፓን፣ ካናዛዋ ወዳለው ቢሯችን ትራንስፈር አድርገውኛል። በክረምት እሄዳለሁ።»

«እና?»

«እና ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።»

«እንደሱ አይባልም» አለች፣ ፈገግታዋን መደበቅ እያቃታት። «ሽማግሌ ላክ።»

«ዘመድ የለኝም እዚህ። አስተማሪሽ ሚቺኮ ሴንሴ ቢሄዱስ?»

«ሽበት አላቸው አይደል? እማዬ ሽበት ታከብራለች።»

አንድ ነገር ግን አልነገረችውም። መጀመሪያ ቀን የሄደ ሽማግሌ እሺ ተብሎ አይመለስም፤ «እንምከርበት፣ ተመልሳችሁ ኑ» ይባላል። ልጅን በአንድ ቃል መስጠት እንደ መጣል ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ይኖራል ብላ መች አሰበች? ሚክያስ ካገሩ ሲወጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

ሚቺኮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኤል ሴሪቶ ደረሱ። ወይዘሮ ካሳነሽ በክብር ተቀበሏቸው። ሁለቱ ሴቶች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባቡ፤ ሶፋው ላይ ያለውን ዳንቴል አብረው ገልብጠው ስፌቱን አዩ። ጉዳዩ ሲነሳ ወይዘሮ ካሳነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከወንድሜ ጋር እናስብበት። በሁለት ሳምንት ተመልሰው ይምጡ።»

ወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ወንጌላዊት በደስታ ሻርፗን ነከሰች። ሚቺኮ ግን በሐዘን ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

«እናትየው ጨዋ ሴት ናቸው» አሉት መኪናው ውስጥ ሲጠብቃቸው ለነበረው ሚክያስ። «በእኛ ዘንድ እናት እናስብበት ካለች አይሆንም ማለቷ ነው። ሰው እንዳታሳፍር ብላ ነው።»

ሚክያስም ያደገው በዚሁ ነው። እምቢ የተባለ ሰው ሁለተኛ ከጠየቀ ሰውን ማስጨነቅ ነው። ስልኩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። በማግስቱ ጉዞውን አስቀደመ።

ወንጌላዊት ደግሞ ስልክ ተከልክላለች። «ሽማግሌ እየተመላለሰ መደዋወል ነውር ነው፤ ቸኮለች ይሉሻል» ብለዋታል እናቷ። በዚሁ ሰበብ የሳሺኮ ትምህርቱም ቀረባት። ስልኳን ትከታተላለች፤ አይጮኽም። ትሰፋለች፤ ትፈታለች፤ ተነስታ በመስኮት ታያለች። ክሊኒክ ውስጥ የአንዱን በሽተኛ ፋይል ለሌላው ሰጥታ ተቆጧት።

ቀጠሮው እሑድ ደረሰ። አጎቷ አቶ አሳምነው ክራባት አስረው ተሰየሙ። ምሳው ቀረበ። ማንም አልመጣም።

«ይኸ ልጅ ቃል አያውቅም እንዴ?» አሉ አቶ አሳምነው፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

እናቷ ምሳውን መልሰው ከደኑት። ወንጌላዊት ይህን መቻል አቃታት፤ የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች።

ሚክያስ ሳን ሆዜ፣ የቤተ መቅደሱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር እያጣጠፈ ነበር። ሲያያት ወንበሩ ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልመጣችሁም?»

«የት?»

«የት ይላል እንዴ! አጎቴ ከነክራባቱ ቁጭ ብሏል!»

«እናትሽ እኮ እምቢ ብለዋል። እናስብበት አሉ።»

«እና አሰቡበታ! ሽማግሌ አንዴ ሄዶ ይቀራል? ይመላለሳል እንጂ!»

ጥጉ ላይ ክር የሚያጠነጥኑት ሚቺኮ አማርኛው ባይገባቸውም ቀና አሉ። ሚክያስ ራሱን ያዘ። ነገሩ ሊያስቃት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ዕንባዋ መጣ።

«እሺ፣ የእውነት እምቢ ብላ ቢሆንስ? ዝም ብለህ ልትሄድ ነበር?»

የወደቀውን ወንበር አነሳ።

«ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

«አስቸግረኝ! እወድሃለሁ እኮ። እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ፤ አንተ እቃህን ትሸክፋለህ!»

«እኔም እወድሻለሁ» አለ። «መጠየቅ ፈርቼ ነው። ከጠየቅሁ መልሱን መስማት አለ።»

«ታዲያ ፈርተህም ቢሆን ና።»

ሚቺኮ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ኮታቸውን አነሱ።

ኤል ሴሪቶ ሲደርሱ ሚክያስ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ሙሽራ አብሮ አይገባም። ሚቺኮ ከወይዘሮ ካሳነሽ ፊት ቆመው «ተመልሼ መጣሁ» አሉ። ወይዘሮ ካሳነሽ ወንድማቸውን አዩ፤ አቶ አሳምነው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«ልጁስ የት አለ?»

«መኪና ውስጥ።»

ወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንድማቸው «ኧረ ደንቡ አይደለም» እያሉ፣ ወጡና መስኮቱን አንኳኩ። ሚክያስ ዘሎ ወርዶ እጅ ነሣ።

«ስማ። እዚያ አገር በረዶ ይጥላል አሉ። ይቺ ልጅ ብርድ አትችልም። እግሯ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ካልሲ ማድረግ ደግሞ ትረሳለች። እስከ ዛሬ የማስታውሳት እኔ ነኝ።»

«አስታውሳታለሁ እማማ።»

ወይዘሮ ካሳነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል ግባ፤ ምሳው ቀዝቅዟል።»