ከመጨረሻው ቁጥር

ታላቁ ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ ብርዱ እየጠነከረ በሄደበት ወር፣ በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከከተማው ዳር ባለው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ እሳት ይነድ ነበር፤ በእሳቱ ላይ የተጣዱት በርሜሎች እየፈሉ እንፋሎታቸው የወጥ ቤቱን ጣሪያ አልፎ እስከ መኝታ ቤቱ መስኮት ይደርስ ነበር። ከተማው በዚያ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ይዘውት መጡ የተባለው የጉንፋን ወረርሽኝ ገበያውን አራቁቶ፣ የመቃብር ቆፋሪዎችን ክንድ አዝሎ ነበር። በዚህ ግቢ ግን ገና አንዲት ልጅ እንኳ አልታመመችም፤ ስለዚህ የልብስ ቤቱ ኃላፊ እንደ ወትሮዋ ታላቁን አጠባ ጀምራለች።

ታላቁ አጠባ የዚያ ትምህርት ቤት ብቻ ልማድ ነበር። ስሙ በንጽሕና የተጠራ ቤት ነውና ልጆቹ ለበዓል ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ያላቸው ልብስ ሁሉ፣ ቀሚሱም ሹራቡም ካፖርቱም፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር፣ በአንድ ቀን ተዘፍዝፎ ይታጠባል፤ በማግስቱ ተተኩሶ በየሣጥኑ ይገባል። በዚያ ቀን ልጆቹ የሚለብሱት ስለማይኖራቸው በሌሊት ቀሚሳቸው በምድጃው ዙሪያ ተኮልኩለው ሲሳሳቁ ይውላሉ፤ ትምህርት የለም፣ ደወል የለም፣ «ቀጥ በሉ» የለም። «ቀጥ በሉ» ርእሰ መምህሩ ነበር፤ ልጅ ባየ ቁጥር የሚናገረው ሌላ ቃል ስላልነበረው ልጆቹ ያንኑ ስም አድርገው አወጡለት።

ለልብስ ቤቷ ኃላፊ ያወጡላት ስም ደግሞ እማማ ሳሙና ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ እጇ በሙቅ ውሃ ብዛት የተሰነጣጠቀ ሴት ነበረች፤ ቁጡ ናት፣ ነገር ግን ቁጣዋ እንደ በርሜሏ ነው፤ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይበርዳል። በየልብሱ አንገት ላይ በቀይ ክር ቁጥር ትሰፋለች፤ የሚታጠበውም የሚሰጣውም የሚተኮሰውም በዚያው ቁጥር ተራ ነው። የሹም ልጅ ብትሆን፣ የነጋዴ ልጅ ብትሆን፣ ተራ ተራ ነው።

በዚያ ቤት ከሚማሩት ልጆች አንዷ የታናሽ እህቷ ልጅ ነበረች። ከኮረብታው ማዶ የምትኖረው እህቷ ልጅቷን ይዛ በመጣች ቀን፣ «እህቴ፣ ልጄን እንኳ አይደለም፤ ደረቷን ነው አደራ የምልሽ» ብላ ነበር፤ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብርድ ሲነካት ደረቷ የሚያፍናት ነበረችና። እማማ ሳሙና አደራውን ተቀበለች፤ ዳሩ ግን ሰው «ዘመዷን አስቀደመች» እንዳይላት ፈራች፤ በልጅቷ አንገትጌ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ሰፋች። አዲስ ልጅ በገባች ቁጥርም የእህቷን ልጅ ክር ትፈታና የሚቀጥለውን ቁጥር ትሰፋላታለች፤ ልጅቷ ሁልጊዜ መጨረሻ ትሆናለች። ጓደኞቿ «ጭራ» አሏት፤ እርሷም ስሙን ወደደችው፤ አክስቲቱም በዚህ ነገር በልቧ ትኮራ ነበር። ለእህት ልጅ ደረት ምን የሚበጅ ኩራት እንደ ነበረ እንጃ!

ረፋዱ ላይ የግቢው በር ተከፈተ፤ የከተማው የጤና ሹም ከፊት፣ ባዶ ጋሪዎች ከኋላ ሆነው ገቡ። ሹሙ ወጣት ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል።

«እስከ ምሽት ግቢው ባዶ መሆን አለበት» አለ። «ነገ ጠዋት በሽተኞች ይገቡበታል። ልጆቹ የታሉ?»

እማማ ሳሙና እጅጌዋን እንደ ጠቀለለች፣ አረፋው ከክርኗ ሳይወርድ መጣች። «ባዶ? ልጆቹ ራቁታቸውን ናቸው እኮ፣ ጌታዬ! ልብሱ በሙሉ በርሜል ውስጥ ነው። የአንዷ ካልሲ እንኳ አልቀረም።»

«እማማ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለ ርእሰ መምህሩ፤ ከኋላዋ ደርሶ ነበር።

የጤና ሹሙ ወደ እርሱ ዞረ። «በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ ነግሬዎት የለም እንዴ? እስከ ዛሬ ለሠራተኞችዎ ምንም አላሉም?»

ርእሰ መምህሩ ኮሌታውን አስተካከለ። «ትናንት የሽልማት ቀን ነበር። አገረ ገዢው እንግዳችን ነበሩ። ወላጆችን አስደንግጬ አዳራሹን ባዶ ላስቀረው ኖሯል? ደግሞ እናንተም አንድ ጊዜ እስከ በዓሉ አይዘጋም፣ አንድ ጊዜ ይዘጋል፣ አንድ ጊዜ ይታሰብበታል ትላላችሁ። የትኛውን ልያዝ?»

ይህንንስ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ በጤና ጽሕፈት ቤቱ በኩል ጠዋት የተባለው ከሰዓት በኋላ ይሻር ነበር። ዳሩ ግን ሹማምንት ሲወላውሉ የሚርሰው የእነርሱ ልብስ አይደለም።

«ጌታዬ» አለች እማማ ሳሙና፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ከጩኸቷ ይልቅ ይፈሩታል። «ዛሬ ማለዳ በበርሜሎቹ አጠገብ ሲያልፉ እንደምን አደሩ ብለውኛል። ገና አልዘፈዘፍኩም ነበር። ከእንደምን አደሩ ጋር አንድ ቃል ቢጨምሩልኝ ምን ነበረበት?»

«አጠባው ዛሬ መሆኑን አላስተዋልሁም።»

«ግቢው በሙሉ ጭስ ነው! አፍንጫም የለዎት?»

ርእሰ መምህሩ ግን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወደ ደረጃው ሮጦ ደወሉን ያስደውል ጀመር። እርሷም ወደ ጤና ሹሙ ዞረች። «አንድ ቀን ስጠኝ፣ ልጄ። እስከ ነገ ቀትር ንፋሱ ያደርቅልኛል። ይህንን ሁሉ ልጅ በዚህ ብርድ እርጥብ አልብሼ አልሰድም።»

«አልችልም፣ እማማ» አለ ወጣቱ። «ጋሪዎቹ ነገ ለሬሳ ይፈለጋሉ።»

እማማ ሳሙና ዞራ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ወጥ ቤት ጠራች።

ያን ቀን በዚያ ወጥ ቤት የሆነውን ያየ ሰው ሥራ መሆኑን ይጠራጠር ነበር። ትልልቆቹ ልጆች በሌሊት ቀሚሳቸው ሆነው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ልብሱን ይጨምቃሉ፤ መምህራኑ የከሰል ካውያ ይይዛሉ፤ የዳቦው ምድጃ አፍ በሹራብ ተሸፈነ፤ ወንበር፣ መሰላል፣ የመስኮት ዘንግ፣ የጂኦግራፊው ካርታ መስቀያ ሳይቀር ልብስ ተሰጣበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የአንዷ እጅጌ ተቃጠለ፣ የአንዷ ካፖርት አመድ ውስጥ ወድቆ እንደገና ታጠበ። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ ቶሎ!» ይላል፤ ከዚህ ሌላ ያነሳው ነገር ቢኖር ከኪሱ የሚያወጣውን ሰዓት ብቻ ነበር።

ልብሱ በቁጥሩ ተራ ይደርቅ ነበር። አንደኛዋ ለበሰች፣ ሁለተኛዋ ለበሰች፤ ጋሪ ሞላ፣ ጋሪ ሄደ። ቀኑ ሲያዘነብል የግቢው ምግብ አብሳይ፣ ወጥ ቤቷ፣ የእማማ ሳሙናን ክንድ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት፤ የአንድ ዘመን ባልንጀሮች ነበሩ።

«የእህትሽን ልጅ ቀሚስ አሁን አስገቢው» አለቻት። «ከሰሉ እያለቀ ነው። ደረቷን ረሳሽው?»

«ተራዋን ትጠብቅ። ዛሬ ተራ ካፈረስኩ ነገ ማን ያምነኛል?»

«ነገማ ማን አለ ብለሽ ነው? ልጆቹ በሙሉ እየሄዱ!»

እማማ ሳሙና እጇን አስለቅቃ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ይህንን ቃል ግን ቆይታ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ወጥ ቤቷ ዝም ባለች ጊዜ እንኳ።

ከሰሉ አለቀ። ማገዶውም ለነገዎቹ በሽተኞች ይቆይ ተብሎ ተቆለፈበት። የመጨረሻዋ ጋሪ በር ላይ ስትቆም የቀሩት ጥቂት ልጆች ልብስ ገና እርጥብ ነበር፤ የጭራ ቀሚስ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ በቀዘቀዘ ካውያ ተዳብሶ ነበር። ልጅቷን እዚያው እንዳታስቀራት ግቢው በማግስቱ የበሽተኛ ቤት ሊሆን ነው፤ እርሷም ራሷ አንሶላቸውን እንድታጥብ ታዝዛለች። ወደ እናቷ መሄዱ የሚሻል መሰላት፤ ማንም በእርሷ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያስብ ነበር።

እርጥቡን ቀሚስ በስስ የሌሊት ቀሚሷ ላይ አለበሰቻትና የራሷን ሻርፕ፣ ያላትን አንድ ደረቅ የሱፍ ልብስ፣ በደረቷ ላይ አጥብቃ ጠመጠመችላት።

«እርስዎስ፣ አክስቴ?»

«እኔ እሳት አጠገብ ነኝ። እቤት እስክትደርሺ እንዳታወልቂው። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ጭራ፤ ወዲያው ሳቅ ብላ፣ «ዛሬስ ደረቴ ሞቆኛል» አለችና ጋሪው ላይ ወጣች። አልሞቃትም ነበር።

ጋሪ ነጂው፣ ሽበታም ሰው፣ በማግስቱ ሁለት በሽተኞች ጭኖ ሲመለስ እማማ ሳሙናን ከበርሜሎቿ አጠገብ አገኛት። ሳትጠይቀው ነገራት።

«ኮረብታው ላይ ንፋሱ ፊት ይገርፋል። ከእርስዎ ልጅ ጎን አንዲት ድንቢጥ የምታህል ልጅ ነበረች፣ ሰሞኑን የገባችው።»

«ከእርሷ በፊት ያለችው ቁጥር ናት። እርሷም እርጥብ ነው የለበሰችው።»

«ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ያቺ የእርስዎ ልጅ ሻርፑን አውልቃ አለበሰቻት። አንቺስ ብላት፣ ‹ተራ ነው፣ አባባ፤ እኔ መጨረሻ ነኝ› አለችኝ።»

እማማ ሳሙና በእጇ የያዘችውን አንሶላ መጭመቋን አላቆመችም፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ትጨምቀው ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ከኮረብታው ማዶ መልእክተኛ መጣ። ጭራ በደረቷ ታማ፣ ብዙ ቀናት ሳትቆይ ሞታ ነበር። ድንቢጧ ልጅ ዳነች። በዚያ ወረርሽኝ ደረቅ የለበሱትም፣ ከቤት ያልወጡትም፣ ሐኪም የከበባቸውም ሞተዋልና ልጅቷን የገደላት እርጥቡ ቀሚስ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ አይደለም ብሎ መማልም አይቻልም። አክስቲቱን የፈጃት ይኸው ነበር። እህቷ አልወቀሰቻትም፤ ብትወቅሳት ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ለወጥ ቤቷ፣ «ርእሰ መምህሩ አንድ ቃል ነፈገኝ፤ እኔ ደግሞ ተራ አልሻር አልሁ። በእኛ መካከል ልጅቷ አለቀች» አለቻት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ አላነሳችውም።

ወረርሽኙ አልፎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ርእሰ መምህሩ በአዳራሹ ንግግር አደረገ። ስለ ከተማው የዚያ ዘመን ታሪክ የተጻፈው መጽሐፍም ከዚያ ንግግር ሳይርቅ፣ «ትምህርት ቤቶች ከበዓሉ በፊት በሥርዓትና ያለ አንዳች እክል ተዘጉ፤ ለዚህም የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ኒሻን ተሸለሙ» ይላል። ስለ በርሜሎቹ የተጻፈ ነገር የለም።

እማማ ሳሙና በተከታዩ ታላቅ አጠባ አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀርብላት መልሳ አስቀመጠችውና፣ «ከመጨረሻው ጀምሩ» አለች፤ ምክንያቱን የጠየቃት ደፋር አልነበረም። እርሷ ካረፈች፣ ርእሰ መምህሩም ከኒሻኑ ጋር ከተቀበረ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አንዲት አዲስ አጣቢ ወደዚያ ቤት ገብታ ይህ ተገላቢጦሽ ለምን እንደ ሆነ ጠየቀች። የሚያውቅ አልተገኘም። «ልማዳችን ነው» አሏትና ሥራዋን ቀጠለች፤ በዚያም ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የደረቀው የመጨረሻዋ ልጅ ቀሚስ ነበር።