ያልጠቆረው ቦታ

ልጅቷ ያን ሰሞን መቆሚያ መቀመጫ አጥታ ነበር። ሥራዋ መስታወት ማልበስ ነው። ከፀጉር የሚቀጥን ሽፋን ታለብሰዋለች፤ ሽፋኑ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ሲበርድ መልሶ ይጠራል። አንድ ጠላት አለው፦ የእጅ ወዝ። መስታወቱ ከመልበሱ በፊት ባዶ ጣት ካረፈበት፣ ሽፋኑ እዚያ ላይ አይይዝም።

መስታወት ቆራጩ በየሳምንቱ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ያመጣላታል። ዝምተኛ ነው። ሲያስረክባት ግን ዓይኑ ከሷ ላይ ቶሎ አይነሳም፤ የሷስ መች ይነሳና!

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ ትልቁ መስታወት ደንበኞች ፊት ሲሞቅ ጠርዙ አጠገብ ነጣ ያለ ነገር ብቅ አለ። አለቃዋ አፈጠጠባት፤ መስታወቱም በቅጡ ሳይታይ ተነሳ። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ቆራጩን በሰው ፊት አዋረደችው፤ በባዶ እጅህ ነክተህ ነው፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ አለችው። አንድም ቃል አልመለሰም። በማግስቱ መስታወት ይዞ የመጣው የቆራጩ አጎት ነበር፤ ልጁ እሑድ ሌላ ከተማ ለሥራ እንደሚሄድ ነገራት።

ይኸው ቅዳሜ ደረሰ። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መስኮት ከፍታ ትዘጋለች። ቢጨንቃት ያን ጉደኛ መስታወት አውጥታ ማሞቂያው ላይ አጋደመችው። ዙሪያው ሲጠቁር አራት ጣቶች ጠርተው ቀሩ። ቀጫጭኖች ናቸው፤ ትንሿም ጠማማ። በልጅነቷ በር የተዘጋባት የራሷ ጣት ነበረች።

ወይ ጉድ! ያን ቀን ስትቀበለው ጓንቷን ማውለቋ ትዝ አላት፤ ለምን እንዳወለቀችም ጭምር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቢሆንም መስታወቱን ታቅፋ ወደ አጎትየው ሱቅ ሮጠች። ልጁን ሻንጣ ሲያስር ደረሰችበት።

«የኔ እጅ ነው» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በከንቱ ነው ያዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።»

መስታወቱን ዞር ብሎም አላየው። «አውቃለሁ። ጓንትሽን ስታወልቂ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርህ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ከሥራሽ ያባርሩሽ ነበር። ደግሞስ ለምን እንዳወለቅሽ ለሰው ይነገራል?»

አንገቷን ደፋች። «እጅህን ልነካ ነበር» አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ። «ሰኞ ለአለቃዬ ራሴ እነግረዋለሁ። የመጣው ይምጣ።»

 ልጁ ጎንበስ ብሎ የሻንጣውን ገመድ መፍታት ጀመረ።

«እንግዲያው ለሰኞ ስንት መስታወት ልቁረጥ?» አላት።