ለራሷ የቆረጠችው ቲኬት

ቲኬት ቆራጯ ገና ስታየው ልቧ ድንግጥ አለ። ቱታው ዘይት በዘይት ነው፤ ፈገግታው ግን ያበራል። ትንሿን አውሮፕላን ጠግኖ ወደ ወዲያኛው ደሴት፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ መካኒክ ነበር።

«እዚያ ለመድረስ ስንት ይፈጃል?» አላት፣ ወሬ ፈልጎ።

«ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ!» አለች ኮራ ብላ።

«ባሕሩ ከላይ ሲታይ ያምራል፣ አይደል?»

«እኔ... በአውሮፕላን ሄጄ አላውቅም።»

ሳቀ! ወንበር ላይ መቆም እንኳ የሚያዞራት ልጅ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቲኬቱን ወርውራለት ጀርባዋን ሰጠችው።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

«አውሮፕላኗ ደህና ናት እኮ!» አለችው።

«የተበላሸው የኔ አፍ ነው። እሱን ልጠግን ነው የመጣሁት።»

ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለገ ይመላለስ ጀመር። ምሳዋን አብረው መብላት ለመዱ። ፍቅር እንደ ዋዛ ገባ። አንድ ቀን «እናቴ ልታይሽ ጓጉታለች። እሁድ ነይ» አላት። እሺ አለች።

እሁድ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ሄደች። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ጀልባ እንዳትሳፈር ወራቱ የማዕበል ነው። እያለቀሰች ተመለሰች። ሲደውልላት እውነቱን መናገር አሳፈራትና «አልተመቸኝም» አለችው።

«እናቴ በር በሩን ስታይ ዋለች! ካልፈለግሽኝ ለምን አትነግሪኝም?»

ዝም አለች። እሱም ቀረ። በሱ ፈንታ ሌላ መካኒክ ይመጣ ጀመር።

እናቷ ልጇ ስትከሳ አይታ አላስችል አላት። «ፍርሃትሽን ብትነግሪው ያገባሽ ነበር፤ ዝምታሽን ግን ማን ያገባል?»

በማግስቱ ለራሷ ቲኬት ቆረጠች። ሽማግሌው አብራሪ ሲያያት «ልጄ፣ ዛሬ ማንን ልትሸኚ ነው?» አላት።

«ራሴን፣ ጋሼ!»

ሞተሩ ሲያጓራ ዓይኗን ጨፍና የማታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለየች። ከደመናው በላይ ሲሆኑ ቀስ ብላ ገለጠችው። ባሕሩ ከሥሯ ተንጣሎ ያበራል። «እልልል!» ብላ አቀለጠችው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ደንታም አልሰጣት!

መካኒኩ ጎማ ሲፈታ ነበር። ሲያያት መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ?... በምን መጣሽ?»

«በምን ልምጣ፣ በአውሮፕላን ነዋ!» አለች። «እናትህን ንቄ አይደለም። ከፍታ እፈራለሁ። መናገሩ አሳፍሮኝ ነው።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔስ? ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ!»

«በል እቀፈኝ!»

«ዘይት ነኝ እኮ...»

«ከነዘይትህ!»

ቤት ሲደርሱ እናቱ ዘይት ከነካው ቀሚስ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ቀሚሱ አዩ። «ይሄ ልጅ ሳያስተዋውቀኝ ነው ያበላሸሽ?» ብለው እየሳቁ እቅፋቸው ውስጥ አስገቧት።

ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ሙሽራዋ ወደ ባሏ ደሴት ስትሻገር እናቷም አብራ ተሳፈረች፤ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጣሉ፤ እናቷ ቀድማ ተቀመጠችበት።

«ተነሽ እማዬ» አለች ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ፣ «ዛሬ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ!»