ለፊልም ያጠብኩት እግር

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ። ከእንጅባራ ቻግኒ ሚኒባስ እነዳለሁ፣ የሹፌር ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ነጭ የለበሰች ሴት አሳፍሬ ዞር ብል ወንበሩ ባዶ ሆነ ይላል፣ ሌላው ድልድዩ ጋ በስሜ ጠሩኝ ይላል፣ እኔ ግን «ቀምሰህ ነው፣ ሂድና ተኛ!» ብዬ የማሳፍር ሰው ነበርኩ። አሁን የማወራው ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፣ ያውም ጾም ላይ ሆኜ፣ ጠላ እንኳ በአፌ ሳይዞር፣ እመኑኝ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን ነው፣ ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና ሚኒባሴን ተኮናተሩኝ። ፊልሙ በደርጉ ጊዜ ስለነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ ግን ተኩስ የለበትም አሉኝ፣ አንድ ወታደር ጠፍቶ ጠፍቶ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ነው ታሪኩ። ለዚያ የሚሆን ሳር ቤት ፈልገው ፈልገው አጡ፣ አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሷል እኮ! ምላሴ አላርፍ አለኝና «የእናቴ ቤት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፣ እስከ ዛሬም ሳር ነው» አልኳቸው።

ለምን ሳር ሆኖ እንደቀረ ልንገራችሁ። ቆርቆሮ ላልብስልሽ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፣ «ዘለቀ ሲመጣ ቤቱ ይጠፋዋል» ትለኛለች። አያ ዘለቀ ታላቅ ወንድሜ ነው። ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ድንች ሊሸጥ እንደወጣ አፍሰው ለዚያው ጦርነት ወሰዱት፣ እኔ ያን ጊዜ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። ጦርነቱ አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ፣ የሞተውም መርዶው መጣ፣ የእኛን ደጅ ግን መርዶ ነጋሪም አልረገጠው፣ እናቴም አላለቀሰች። ቄሱ «እንግዲህ ፍትሐት ይደረግለት» ብለው የክርስትና ስሙን ቢጠይቋት «በቁሙ ላለ ልጅ ፍትሐት አላስፈታም!» ብላ እቅጩን ነገረቻቸው። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት የለም፣ ስሙን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፣ ክርስትና አባቱ ሞተዋል። አሁን አርጅታለች፣ ደረቷን ያማታል፣ ስሙን ይዛ ከሄደች ወንድሜ ከሙታንም ከሕያዋንም ሳይቆጠር ሊቀር ነው። ይኸ ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የፊልሙ አዘጋጅ እናቴን ገና ሲያያት «እናትየዋን እሳቸው ራሳቸው ይጫወቱልን» አለ። እኔ ልቧ እንዳይሰበር ፈርቼ አይሆንም ብል እሷ ተቆጣችኝ፣ «ምን ቸገረህ? ልጅ መቀበል መቼ ጠፋኝ?»

«እንግዲያው እማማ፣ ልጅዎ ሲገባ እርስዎ ዝቅ ብለው እግሩን ያጥቡታል» አላት አዘጋጁ።

እናቴ እስክታስል ሳቀች። «ኧረ በየት አገር ነው እናት የልጇን እግር የምታጥበው? የሚያጥበው ታናሹ ነው!»

አዘጋጁ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጭንቅላቱን አከከና ወደ እኔ ዞረ፣ «ጋሽ አለኸኝ፣ በቃ አንተ እጠበው፣ የሚታየው እጅህ ብቻ ነው።» ይኸውላችሁ፣ በስተርጅና ተዋናይ ሆንኩ!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም መብራቱንና ልብሱን ሊያዘጋጁ ወደ ሚኒባሱ ወጡ፣ ሚኒባሱ ከላይ ከመንገዱ ዳር ነው የቆመው፣ እኛን «ተዋናዩን አልብሰን እንልከዋለን፣ ካሜራ ሳንይዝ አንድ ጊዜ ተለማመዱ» አሉን። እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ገበቴውን ይዤ፣ ለብ ያለውን ውሃ በጣሳ ቀድቼ፣ እንግዳው ከሚቀመጥበት ዱካ ፊት ተንበረከክሁ። አያ ዘለቀ ከእርሻ ሲገባ በየማታው በዚያው ገበቴ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ ጭቃው ከጣቶቹ መሃል እስኪወጣ እፈትገዋለሁ፣ እሱ የውሎውን ያወራኛል፣ እኔ እንደ ትልቅ ሰው «እህ» እላለሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ደስ የሚል ነገር አላገኘሁም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውሻችን ዝም ማለቱን ነው፣ ቀኑን ሙሉ በፊልም ሠሪዎቹ ላይ ሲጮህ ነበር የዋለው። ቀጥሎ ከሐይቁ በኩል ባለው መንገድ ኮዳ ቀበቶ ላይ ሲመታ ሰማሁ፣ ኳ፣ ኳ። «ጎበዝ፣ ኮዳ እንኳ አንጠልጥለውለታል» አልኩ በሆዴ። በሩ ጨለም አለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ዱካው ሲንቋቋ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ መንገደኛ እግሩ ሳይታጠብ ዓይን ዓይኑ አይታይም፣ ከየት መጣህም አይባልም፣ ነውር ነው፣ ስለዚህ አንገቴን እንደደፋሁ እግሩን ተቀብዬ ማጠብ ጀመርኩ። ከእግሩ የወረደው ውሃ ነጭ አፈር ይዞ ወረደ፣ የእኛ አፈር ቀይ መሆኑን እያወቅሁ ቀባብተውት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እናቴ በአገራችን ቋንቋ በአውኛ «ቆየህ እኮ» አለችው።

እሱም በአውኛ «መንገዱ ራቀኝ» አላት።

እጄ ቀጥ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ አውኛ ከየት አመጣ? ቀና ልል አልኩ፣ ግን ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ አልቻልኩም። ያኔ በእግሩ አውራ ጣት አፍንጫዬን ገፋ አደረገኝ። ወንድሞቼ፣ ይህን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው! አያ ዘለቀ እግሩን አጥቤ ስጨርስ ሁልጊዜ አፍንጫዬን እንደዚያ ያደርገኝና እኔ እስቅ ነበር፣ ያን ዕለትም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፣ «ተው፣ አያ!» አልኩ፣ የልጅነት ድምፄ ነው የወጣው።

«ጋሽ አለኸኝ! ይቅርታ፣ አስጠበቅናችሁ፣ ኮቱ ጠብቦት ነው!» አለ አዘጋጁ ከደጅ። ዞር ብል ተዋናዩ በሸራ ጫማው፣ ኮቱን በእጁ እንደያዘ አጠገቡ ቆሟል። ወደ ዱካው ብመለስ ማንም የለም፣ ፎጣው ብቻ እጄ ላይ አለ፣ እግሩ ከእጄ መቼ እንደወጣ አላውቅም። እናቴ በሩን እያየች ነበር።

የኋላ የኋላ ተቀረጽን፣ የዚያን ተዋናይ እግርም አጠብኩ፣ እናቴም የተባለችውን ሁሉ አደረገች፣ አዘጋጁ «እማማ ድንቅ ነዎት!» እያለ ጉልበቷን ሳመ። ሰው ገብቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፣ ከሐይቁ በኩል የመጣ ያየ የለም፣ እንዲያውም ቀልድ መሰላቸው።

ፊልም ሠሪዎቹን እንጅባራ አድርሼ ስመለስ እናቴ «ቄሱን ጥራልኝ» አለችኝ። መጡ፣ ጎንበስ አሉላት፣ የክርስትና ስሙን በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«አንተ እግሩን ስታጥብ እኔ ፊቱን አየሁት። ከእንግዲህ ጠብቂኝ አላለኝም፣ ልጄ።»

«ሸብቷል? ወይስ እንደሄደ ነው?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ስንት ዓመት የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።

ፍትሐቱ ተደረገ፣ አልቃሹ ከየጎጡ መጣ፣ እንደ አገሩ ወግ ፈረሶች ተጭነው ዞሩ፣ እናቴም ለልጇ እንደ እናት አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲህ እህል ይወርድላታል፣ ትተኛለች። ሰው ሁሉ እግዜር ይመስገን አለ። እኔ ግን ለቅሶው መሃል ቆሜ ዓይኔ ደረቀ፣ ዘመድ ታዝቦኛል፣ ይታዘበኝ።

ምክንያቱን ለእሷ አልነገርኳትም፣ እንዴትስ አድርጌ እነግራታለሁ? እሷ ፊቱን ነው ያየችው፣ እኔ እግሩን ይዤዋለሁ። ያ እግር ትኩስ ነበር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደም ሥሩ ሲመታ ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። አሁን ከቻግኒ ስመለስ ዳር ዳሩን ብቻውን የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፣ ተሳፋሪው ይጮህብኛል።