የጌዲዮን ማሽንና ነጠላ ጫማው

ጌዲዮን ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ረቡዕ ተቀበረ፤ ሐሙስ ፖሊስ ኤባን ጠራው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ኤባ ጥሪውን ሲጠብቅ ነበር የሰነበተው። እስሩን መፍራቱ እውነት ነው፤ ከዚያ የባሰ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶታል፦ ጓደኛዬን በእርግጥ የገደልኩት እኔ ብሆንስ?

ጌዲዮን ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አለፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በታላቅ እህቱ በእትዬ ፈለቀች ግቢ ውስጥ፣ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ስለነበር ጠጋኙ ኤባ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አደረገለት፤ የሙያው ልጆች «ኦቨርክሎክ» ይሉታል። የሚሮጥ ነገር ይሞቃልና ትልቅ የብረት ማቀዝቀዣና ጉልበተኛ ማራገቢያ ገጠመለት። ማራገቢያው በሰፈሩ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች የሚያነሡትን አቧራ ሁሉ እየሳበ ሲያስቸግር በክፍሉ ሕግ ወጣ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ወለሉም ጠዋት ጠዋት ውሃ ይረጫል። ሰፈርተኛው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ይቀልድ ነበር። አሁን ቀልዱ ክስ ሆነ። «ኤባ ኮምፒውተሩ ላይ መብራት ጨምሮ ገደለው» ተባለ፤ ከቀብሩም አባረሩት።

ኢንስፔክተር ዳሲቱ ሰው በፈራ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ኤባ ፊቷ ተቀመጠ።

«ፍጥነቱን ስትጨምር ምን ጨመርክለት?»

«ትንሽ ቮልቴጅ። ግን ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው ከአንድ የባትሪ ድንጋይ አይበልጥም።»

«ያ ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም። ግን ጌዲ ሞተ እኮ!»

«በጣም ቢሞቅስ?»

«ራሱን ያጠፋል። ከእኛ የበለጠ ፈሪ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ ልትል ቃጣትና ተወችው። «ሐኪሙ ኤሌክትሪክ ነው የገደለው ብሏል፤ መዳፉ ተቃጥሏል። ጌዲዮን ሲሠራ እግሩ ላይ ምን ያደርግ ነበር?»

«ለክፍሉ ብቻ ያስቀመጠውን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ። ቤቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ የኮምፒውተሩ ብረት ድሮም ትንሽ ይነዝራል። ያለ ነጠላ ጫማው አይነካውም።»

«ሬሳው ባዶ እግሩን ነበር» አለች። ኤባ ይህን አያውቅም ነበር።

ይዛው ወደ ግቢው ሄደች። እትዬ ፈለቀች ከድንኳኑ ጥቁር ለብሰው ወጡ፤ ኤባን ቀና ብለው አላዩትም።

«እንደ ልማዴ ወለሉን ውሃ ረጨሁለት» አሉ። «ነጠላ ጫማውን አጥቶ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ሥራ ስለቸኮለ ዝም ብሎ ገባ፤ ወዲያው የሚወድቅ ድምፅ ሰማሁ። ስጮህ ዘአማኑኤል ከጓሮ ደረሰልኝ።»

ዘአማኑኤል የጌዲዮን ሸሪክ ነው፤ ጌዲዮን ሲያቀናብረው የነበረውን ሠርግ የቀረጸው እሱ ነው።

«ዘአማኑኤል ምን ተጫምቶ ነበር?»

«ነጠላ ጫማ መሰለኝ... ኧረ በዚያ ሰዓት ማን እግር ያያል፣ ልጄ!»

«ዋዜማውን ጌዲዮን ምን አልዎት?»

«ደክሞት ገባና ‹እዚህ ሠርግ ውስጥ ሰው ሞቷል› አለኝ። ፊልም የሚያወራ መስሎኝ እራት አቀረብኩለት።»

ዘአማኑኤል ሲጠየቅ በጣቱ ወደ ኤባ ጠቆመ። «ምን ይጣራል፣ ኢንስፔክተር? ይሄ ልጅ ፕሮሰሰሩ ላይ ኃይል ጫነበት፤ ኃይሉ ወደ ብረቱ ወጣ። ተው ብዬው ነበር።» ኤባ የጨመረውን ቮልቴጅ በልቡ እንደገና አሰላ። ሰውየው ልክ ቢሆንስ?

ዓርብ ከሰዓት ሦስቱንም እክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤባ ሲመጣ ለእስረኛ ስንቅ የያዙ እናቶች ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው አይቶ ነበርና የራሱ እናት እዚያ መሀል ቆማ ታየችው። ወለሉ ውሃ ተረጭቷል። ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ።

«ኤባ፣ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መልሰው» አለች ዳሲቱ። መለሰው፤ ሁሉም አዩ። «አሁን የተጨመረ ኃይል የለም። እያንዳንዳችሁ ብረቱን ትነኩታላችሁ።»

እትዬ ፈለቀች እያማተቡ ነኩት። እንደ ድሮው ትንሽ ነዘራቸው እንጂ ምንም አልሆኑም። የኤባ ተራ ሆነ። ብሞትም እውነቱን ልወቀው ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን አሳረፈ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ ነዘረው፣ በቃ።

«አቶ ዘአማኑኤል?»

ዘአማኑኤል አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ እንዴት እንደተረፉ ያልገባው ይመስል ዓይኑ ከኮምፒውተሩ ወርዶ፣ ኮምፒውተሩ ወደተሰካበት ጥግ ላይ ወዳለው የመብራት ማከፋፈያ ሄደ። ከዚያ ወደ በሩ አፈገፈገና ነጠላ ጫማውን በእግሩ ፈለገ።

«ምን ያስፈራሃል?» አለችው፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ነበር የምትለው። «የገደለው ኦቨርክሎኩ ነው ያልከው አንተ ነህ። እሱ ደግሞ ዓይንህ እያየ ወረደ። ማከፋፈያውን ለምን አየኸው? ስለ እሱ ለማንም አልተናገርኩም።»

ዳሲቱ በጣቷ ማከፋፈያውን አሳየች።

«ከፍቼዋለሁ። አንድ ሰው የመሬት ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ መብራት ካለበት ሽቦ ጋር አገናኝቶት ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ብረቱን በባዶ እግር የነካ ግን ይሞታል። ትናንት በደኅና ቀይሬዋለሁ፤ ስለዚህ ነው እትዬም ኤባም የተረፉት። ይህን ያደረገው ሰው ወለሉ ጠዋት እንደሚረጥብ ያውቃል። ነጠላ ጫማውንም አስቀድሞ ወስዷል። ጩኸት ሲሰማ ሁሉም በቁሙ ይሮጣል፤ አንተ ግን ጊዜ ወስደህ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አጥልቀህ ደረስክ። ብረቱ እንደሚገድል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያደርገው።»

«ለምን ብዬ?» ድምፁ ተሰበረ።

«ከሠርጉ ስትመለስ ገላን መንገድ ላይ አቶ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ገጭተህ ገደልክና አመለጥክ። መኪናህ ውስጥ የረሳኸው ካሜራ ይቀርጽ ነበር። ጌዲዮን ሠርጉን ሲያቀናብር አየው፤ ለእህቱ ‹ሰው ሞቷል› ያለው ይህን ነው፤ ለፖሊስ እንደሚሰጥም ነገረህ። ከኮምፒውተሩ አጠፋኸው። መንገድ ላይ የተለቀመው የመብራት ስባሪ ግን ከመኪናህ ጋር ገጥሟል።»

ዘአማኑኤል ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ቁጭ አለ። ደጅ ቆመው የነበሩ ፖሊሶች ገብተው አስነሱት።

ኤባ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። «ኢንስፔክተር» አለ፤ «ባላፈጥነው ኖሮ ጌዲ እዚያ ምስል ላይ ገና አይደርስም ነበር። በሕይወት ይኖር ነበር።»

እትዬ ፈለቀች ወደ እሱ ተጠግተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«አንተ ባታፈጥነውም ወንድሜ ያየውን አይቶ ዝም አይልም ነበር» አሉ። «ወንድምህን ሳታለቅስ ነው ያባረርንህ፤ ይቅር በለኝ። ና፣ ድንኳን ግባ።»

እጁን ይዘው አስገቡት። ኤባ ከሰዎቹ መሀል ተቀመጠና አለቀሰ።